የጠባይ መመርመሪያ ፈተናዎች ሰውን ለራሱ ምን ያህል ያስታውቁታል?

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1948 (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እንዲሁ ናቸው) በርትራም ፎረር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቡና መምህር 39 ተማሪዎቹን አንድ የጠባይ መመርመሪያ አስሞላቸው። ቈይቶም ለእያንዳንዱ ስሙ የተጻፈበትን የጠባዩን መግለጫ ሰጠና ምን ያህል እንደሚስማማው ከ0 እስከ 5 ባለው ቍጥር እንዲመዝን ጠየቀ። አማካዩ 4.26 ሆነ። ነገር ግን ለሁሉም የታደለው ጽሑፍ አንድ ነበረ፤ ያውም አብዛኛው ከመንገድ ዳር የኮከብ መጽሐፍ የተለቀመ።

በኢትዮጵያ ዐውደ ነገሥት የሚያስመለከት ሰው ስሙና የእናቱ ስም በፊደል ቍጥር ተደምሮ፥ በ12 ተገድፎ፥ በቀረው ኮከቡ ይታወቅለታል፤ ጠባዩም ይነበብለታል። የዘመኑ ተማሪ በዚህ ይሥቃል። ሆኖም የፎረር ተማሪዎች የተቀበሉት ጽሑፍና ለኮከብ አስቈጣሪው የሚነበበው ቃል የሚያሳምኑት በአንድ መንገድ ነው፤ ለማንም የሚስማማውን ነገር ሰሚው ለብቻው የተነገረ አድርጎ ይወስደዋልና። እንግዲህ «እውነትም እኔ ነኝ» የሚለው የተፈታኙ ቃል ለፈተናው ትክክለኛነት ምስክር ሊሆን አይችልም።

ይህ ሲባል ፈተናዎች ሁሉ ጥንቈላ ናቸው ማለት አይደለም። በ1943 በሚኔሶታ ዩኒቨርሲቲ ሃታዌይና ማኪንሊ ያወጡት መመርመሪያ ከ500 በላይ ዐረፍተ ነገሮች አሉት፤ የሕመምተኞች መልስ ከጤነኞች መልስ ጋር እየተነጻጸረ የተሠራ ነው። ራሱን ከመጠን በላይ የሚያሳምረውን ሰው የሚያጋልጡ ጥያቄዎችም ገብተውበታል። ሐኪም ከበሽተኛው ጭውውትና ታሪክ ጋር አስተያይቶ ሲያነበው ይጠቅመዋል።

ከሁሉ ይልቅ በሕዝብ ዘንድ የታወቀው ግን ካትሪን ብሪግስና ልጅዋ ኢዛቤል ማየርስ፥ ካርል ዩንግ በ1921 ያሳተመውን መጽሐፍ መነሻ አድርገው ያዘጋጁት ነው። ሁለቱም በሥነ ልቡና ትምህርት የሠለጠኑ አልነበሩም፤ ይህ ብቻውን ነውር አይሆንም። ነውሩ አከፋፈሉ ነው። ሰውን ሁሉ በ16 ወገን ሲመድብ፥ በመካከል ያለውን ብዙውን ሰው በአንድ መሥመር ከሁለት ይቈርጠዋል፤ ቁመትን ለክቶ አገሩን ሁሉ ረዥምና አጭር ብቻ ብሎ እንደ መጻፍ ነው። ስለዚህ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ደግመው ሲሞሉት ብዙዎች ሌላ ስም ይደርሳቸዋል። ያም ሆኖ ከልጅነቱ ጀምሮ «ምን ሆነህ ትዘጋለህ?» ሲባል የኖረ ጭምት ሰው፥ ብቸኝነትን መውደድ ደዌ እንዳልሆነ ከዚህ ፈተና ተረድቶ ቢጽናና ጥቅሙ ትንሽ አይደለም። ጉዳቱ የሚጀምረው ያንኑ ስም ተሸክሞ ወደ ሥራ ምርጫና ወደ ትዳር ሲገባ ነው።

ዛሬ ሊቃውንቱ የሚመርጡት ጠባይን በአምስት ሚዛን የሚለካውን ሥርዐት ነው፤ ሰውን ከሁለት ስለማይቈርጥ ይሻላል። ይሁን እንጂ በ2013 የታተመ ጥናት በቦሊቪያ ደን ዳር የሚኖሩትን 632 የጺማኔ ሰዎች በዚሁ ቢመረምር አምስቱን ሚዛኖች ለይቶ አላገኛቸውም። ይህ ለሕዝቦች ጥናት ትልቅ ማስጠንቀቂያ ነው።

በአማርኛም ችግሩ ከትርጕም ይልቃል። «ከሰው ጋር መሰብሰብ ትወዳለህን?» ተብሎ ቢጠየቅ፥ ለቅሶ የሚደርስ፥ ማኅበር የሚጠጣ፥ ሠርግ የማይቀር ሰው ምን ይመልሳል? መሰብሰቡ ግዴታው ነው፤ መውደዱ ሌላ ነገር ነው። «ሥራዬን በትጋት እፈጽማለሁ» የሚለውንም ቃል በይሉኝታ ያደገው ራሱን ላለማመስገን ያሳንሰዋል፤ ቅጥር የሚሻው ደግሞ ከፍ ያደርገዋል። ሁለቱ እኩል ትጉሃን ቢሆኑ እንኳ ወረቀቱ ይለያያቸዋል፤ ሥራውን የሚያጣውም ጨዋው ነው። ይህን ሳያርም ከውጭ የመጣ መጠይቅ ተርጕሞ ተማሪ ወይም ሠራተኛ የሚመርጥበት ሰው ጠባይን ሳይሆን አስተዳደግን ይመዝናል።

ሲሚን ቫዚሬ በ2010 ባሳተመችው ጥናት፥ እንደ ጭንቀት ያለውን የውስጥ ነገር ባለቤቱ ሲያውቅ፥ የአእምሮውን ብስለት ግን ወዳጆቹ ከእርሱ ይልቅ እንደሚመዝኑ አሳይታለች። በአገር ቤት ልጃቸውን የሚድሩ ወላጆች የሙሽራውን ጠባይ ከራሱ ከሙሽራው አይጠይቁም፤ ጎረቤቱን ይጠይቃሉ። ጎረቤትም ያዳላል፥ ቂምም ይይዛል። ቢሆንም በአማርኛ የሚዘጋጅ መጠይቅ ሁለት ቅጽ ቢኖረው፥ አንዱን ባለቤቱ፥ ሁለተኛውን የቅርብ ባልንጀራው ቢሞላው፥ ሁለቱ ቃሎች የተለያዩበት ስፍራ ከማናቸውም ድምር ይልቅ ለተመርማሪው የሚነግረው ነገር ይኖረዋል።