የተውሶ ዜማ ሲመዘን

በራያ ቆቦ የአቤቱታ ዘፈን የሚያወጣ ሰው አዲስ ዜማ ፍለጋ አይደክምም። በሠርግ፣ በሶለል ወይም በለቅሶ የሚታወቀውን ዜማ ያነሣና ግጥሙን ይለውጠዋል። «ዜማ ሰረቀ» የሚለው ትችት እዚህ አይሠራም፤ ዜማው የሁሉም ነው። የሚጠየቀው ለምን ያንን ዜማ መረጠ የሚለው ነው።

ሶለል በነሐሴ የፍልሰታ ጾም ሲፈታ ልጃገረዶች የሚጫወቱት ነው። አቤቱታ በዚህ ዜማ ሲመጣ የአድማጩ እግር ቀድሞ ይጨፍራል፣ ነገሩ ዘግይቶ ይወጋዋል። ኀዘንን በሙሾ ዜማ ማዜም ግን ቀላል ነው፤ ግጥሙም ዜማውም ያንኑ ይላሉ። በቁሙ ላለ ሹም ሙሾ ማውረድ ሲሆን ነው ዜማው የሚናከሰው። ከስዊድን ወደ አሜሪካ የተሰደደው ጆ ሂልም ይህን ያውቅ ነበር፦ እ.ኤ.አ. በ1911 ስለ ሰማያዊ ደስታ የሚዘመር መዝሙር ዜማ ወስዶ፣ ለተራበ ሰው የወዲያኛውን ዓለም ምግብ ተስፋ በሚሰጡ ሰባኪዎች ላይ አላገጠ።

ቀጥሎ ስንኙን ይመርምሩ። ለማስረጃ ራሴ የቋጠርኳት ይቺ ናት፦

ወፉን በወንጭፌ ካባረርኩትማ፣
እሸቱን ማን በላው ተቀምጦ ማማ?

ሰሙ ማሽላውን ከወፍ የጠበቀ ገበሬ ጥያቄ ነው፤ ብቻውን ቢሰማም ሙሉ ነው። ወርቁ ጠባቂው ራሱ በላተኛ መሆኑ ነው፤ ማንም ግን በስሙ አልተጠራም። ሰሙ ለወርቁ ሲባል ብቻ የተለጠፈ ከሆነ ግጥሙ ደካማ ነው። ቤት መምታቱም አይበቃም፤ ቃሉ በከበሮውና በጭብጨባው ላይ መውረድ አለበት። «የመልካም አስተዳደር እጦት» የሚል ሐረግ ሶለል ላይ ቢጫን ጨፋሪውን እግሩን ያስረዋል።

በመጨረሻ ተቀባዩን ያዳምጡ። ጎበዝ አውራጅ አዝማቹን አይነካም። የቆየው አዝማች ሕዝቡን ያለ ልምምድ ያስገባል፤ አውራጁንም ይሸፍነዋል፤ መንደሩ ሁሉ የተቀበለውን ዘፈን ማን በማን ላይ ይመሰክራል? ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ብዙ የቀበሌ ኪነት ቡድኖች የሳቱት እዚህ ላይ ነው፦ የአገሬውን ዜማ ይዘው አዝማቹን በመፈክር ተኩት። ተቀባይ የነበረው ሕዝብ አጨብጫቢ ሆኖ ቀረ።

የስቱዲዮ ቅጂ ሲመዝኑም ይኸው መለኪያ ይሠራል። ኪቦርዱ መግባቱ ጥፋት አይደለም፤ ድምፃዊው አውርዶ ራሱ ከተቀበለ ግን የሰው መግቢያ ተዘግቷል።

ፍርድ ለመስጠት አይቸኩሉ። ሹሙ ሲነሣ አብሮ የሚረሳ ዘፈን ሐሜት ነበር። ለተተኪውም ያለ አንዲት ቃል ለውጥ የሚዘፈን ከሆነ፣ ገጣሚው የታገለው ከሰውየው ጋር ሳይሆን ከወንበሩ ጋር ነበር ማለት ነው።