የታወቀ ጠላፊ፣ ያደረ ዶሴ

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» እንላለን። የውጭው ዓለም የቴሌቪዥን ሰዎች ይህን ብሂል ሳይሰሙት አንድ ሙሉ የድራማ ዘርፍ አቁመውበታል። ከዓመታት በፊት የተፈጸመ ወንጀል፣ አቧራ የጠጣ ዶሴ፣ ጡረታ ወጥቶም እንቅልፍ ያጣ መርማሪ፣ ከዚያም ማንም ያላሰባት አንዲት ማስረጃ... ተመልካች በእነዚህ ተይዞ ሌሊቱን ያጋምሳል። እኛም አገር ይህ ዓይነቱ ድራማ ወዳጅ አላጣም። በፍላሽ እየተቀዳ ከአዲስ አበባ እስከ ጎጃም የወረዳ ከተሞች ድረስ ይዘልቃል። ነገ ከነገ ወዲያ የእኛም ደራስያን ይህንኑ ቅርጽ መሞከራቸው አይቀርም። ታዲያ ከመሞከራቸው በፊት አንድ ነገር መጠየቅ ተገቢ ይመስለኛል። ለመሆኑ ይህ ቅርጽ ለእኛ አገር ወንጀል፣ በተለይም ለሰው ጠለፋ፣ ልኩ ነውን?

ነገሩን በምሳሌ ልያዘው። ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ2014 «ዘ ሚሲንግ» («የጠፋው» እንበለው) የተሰኘ ባለ ስምንት ክፍል ድራማ አሳይቶ ነበር። ደራስያኑ ሃሪና ጃክ ዊሊያምስ የተባሉ ወንድማማቾች ናቸው። ቶኒና ኤሚሊ የተባሉ እንግሊዛውያን ባልና ሚስት የ5 ዓመት ልጃቸውን ኦሊቨርን ይዘው ፈረንሳይ አገር ሲጓዙ መኪናቸው ይበላሽና አንዲት ትንሽ ከተማ ያድራሉ። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 2006፣ ምሽቱ የዓለም ዋንጫ ጨዋታ የሚታይበት ምሽት ነው። አባት ልጁን ዋና አዋኝቶ ሲመለስ ኳስ በሚመለከት ሕዝብ መካከል ይገባል። ሕዝቡ ይጮኻል፣ ይዘላል፣ ይገፋፋል፤ የልጅየው እጅ ከአባቱ እጅ ያመልጣል። በቃ፤ ልጁ የለም። ከ8 ዓመት በኋላ አባትየው ወደዚያችው ከተማ ይመለሳል። ጁሊየን ባፕቲስት የተባለው አንካሳ መርማሪም ከጡረታው ይነሣና የተዘጋውን ዶሴ ይከፍታል። ታሪኩ ከ2006ቱ ወደ ኋለኛው ዘመን፣ ከኋለኛው ወደ ቀድሞው እየተመላለሰ ይሄዳል።

ድራማውን ለማየት ያሰበ አንባቢ የሚቀጥለውን አንቀጽ ቢዘለው አይከፋኝም።

ሰባት ክፍል ሙሉ አንዱን ስንጠረጥር፣ ሌላውን ስንረግም ቆይተን መጨረሻ ላይ የምንደርስበት እውነት ይህ ነው። ልጁን በመኪና የገጨው ቤተሰቡን ያሳደረው የሆቴል ባለቤት ነው። ያን ምሽት ሰክሮ ነበር። ደንግጦ ለወንድሙ ነገረው፤ ወንድምየው ደግሞ የከተማይቱ ከንቲባ ነበር። ከንቲባው ወንድሙን ለማዳን ሲል ነገር የሚያጠፉ ሰዎች ጠራ። የልጁም ዕጣ በዚያው ተቆረጠ። ሆቴለኛው ለዓመታት ያን አባት በዓይኑ እያየ፣ እያዘነለትም፣ ዝም አለ። የተናገረው በካንሰር ታሞ ሊሞት ሲል ነው። እንግዲህ ስምንት ሰዓት ያህል የተጓዝነው ወንድም ለወንድሙ ሲል አፉን መያዙን ለማወቅ ነው ማለት ነው።

ይህን ድራማ አዲስ አበባ ከጓደኞቼ ጋር ሳየው ሁላችንም «ማን ይሆን የወሰደው?» እያልን እንወራረድ ነበር። ለሁለተኛ ጊዜ ያየሁት ግን ሞጣ ከተማ፣ ዘመድ ቤት፣ በአንድ ላፕቶፕ ዙሪያ ተሰብስበን፣ እኔው እየተረጎምኩ ነው። እዚያ «ማን ወሰደው?» ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር የሚነሣው ጥያቄ «ይሄስ የማን ወገን ነው?» የሚል ነበር። ሆቴለኛው የከንቲባው ወንድም መሆኑ ሲታወቅ አንዲት አክስቴ «በሉ እንግዲህ» ብለው ጋቢያቸውን አጣፉ። ለእርሳቸው ነገሩ እዚያው ላይ አልቋል። የቀረው ማን ደፍሮ ይናገራል የሚለው ብቻ ነው።

የአክስቴን ጥያቄ ከባላገር የዋህነት የሚቆጥር ካለ ተሳስቷል። በምሥራቅ ጎጃም ወንጀል ሲመረመር የኖረው በዚሁ መንገድ ነው። ከሞጣ ተነሥቼ ቢቸና ስደርስ በወጣትነታቸው አውጫጭኝ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ሥርዓቱን አጫወቱኝ። ከብት ሲሰረቅ፣ ቤት ሲቃጠል፣ ሰው ተገድሎ ገዳዩ ሲሰወር የአካባቢው ሰው በሙሉ ይጠራል። የቀረ ይቀጣል። የተመረጡ ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ፤ እያንዳንዱም ያየውንና የሰማውን ይናገራል። ተናጋሪው ስሙ እንዳይወጣ «ወፍ ነገረኝ» ማለት ይችላል። ወፏ ማን እንደሆነች አይጠየቅም። ወንጀለኛው እስኪታወቅም ጉባኤው አይፈታም። አዛውንቱ ስለ ፈረንሳዊው መርማሪ ስተርክላቸው የገረማቸው እግሩ ማነከሱ አልነበረም፤ ብቻውን ማሰቡ ነው። አገር እያለ አንድ ሰው ለብቻው ምን ያስጨንቀዋል ነው ነገሩ።

እርግጥ ነው፣ አውጫጭኝን አሳምሬ ማቅረብ አልፈልግም። ሥራ ፈትቶ ቀን ሙሉ ሜዳ ላይ መዋል ለገበሬ ቅጣት ነው። ጠላት ያለው ንጹሕ ሰውም በወፍ ምላስ ሊጠቆም ይችል ነበር። የልጅ አእምሮ በመድኃኒት እያደነዘዙ ሌባ የሚያስፈልጉበት ሌባሻይ ደግሞ ከዚህም የከፋ ነበር። እኔ የምለው ሌላ ነው። ሥርዓቱ የቆመው «የሚያውቅ ሰው አለ» በሚል እምነት ላይ ነው። የውጭው ድራማ ግን «የሚያውቅ የለም» ብሎ ይጀምራል። ከዚህ የሚበልጥ ልዩነት በሁለት የወንጀል ታሪኮች መካከል ሊኖር አይችልም።

አገሩ የሚያውቀውን ለምን ለዶሴ ጸሐፊው አይናገርም? ለዚህ መልሱ ያለው ታሪክ ውስጥ ነው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ የሞጣና የቢቸና ገበሬ መሬቴን ሊለኩብኝ፣ ርስቴን ሊነጥቁኝ ነው ብሎ ተነሥቷል፤ መንግሥትም ጦር ልኮበታል። መዝገብና እስክሪብቶ ይዞ የመጣን ሰው እንዲህ የሚያውቅ አገር፣ ደብተር አውጥቶ «ያየኸውን ንገረኝ» ለሚለው መርማሪ አፉን ባይከፍት አያስደንቅም። ዝምታው ካለማወቅ የመጣ አይደለም። ለማን እንደሚነገር ስለሚያውቅ ነው።

ይህን ከማንም በፊት የተረዱት የዚያው አገር ልጅ ሐዲስ ዓለማየሁ ይመስሉኛል። «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) ዋና ታሪኩ የሚፈጸመው ከቢቸና እምብዛም በማትርቀው በዲማ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ወንጀል ሞልቷል፤ በሌሊት ሊኮበልሉ የሚያስቡ ፍቅረኞች አሉ፤ በአበጀ በለው እጅ የሚወድቁ ባላባት አሉ፤ መንገደኛ የሚደበድቡ ወንበዴዎች አሉ። ነገር ግን ሐዲስ አንድም ጊዜ አድራጊውን ደብቀው አንባቢን አያንጠለጥሉም። በዛብህ ምን እንዳሰበ እናውቃለን፣ ፊታውራሪ መሸሻ ምን እንደሚያደርጉ እናውቃለን። ልባችንን የሚሰቅለው እያወቅነው የማናስቆመው መሆኑ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው አገር ጸጥ ብሎ ያዳመጠውም ማን አደረገው ብሎ አልነበረም።

በቴሌቪዥናችንም ቢሆን ማስረጃው ቅርብ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2010 በኋላ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የታየው «ሰው ለሰው» ተመልካችን በየሳምንቱ ከቤቱ የሰበሰበው አስናቀ የተባለውን፣ አበበ ባልቻ የተጫወተውን ሰው ክፋት ከመነሻው እያሳየ ነው። ጥፋተኛው ይታወቃል። የማይታወቀው ማን ይነግርበታል፣ መቼስ ይያዛል የሚለው ነበር። የእኛ ልብ አንጠልጣይ ድራማ ሳያውቀው ወደ አውጫጭኙ ሜዳ ተመልሷል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

አሁን ወደ ጠለፋው ልምጣ። የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» (እ.ኤ.አ. 2014) ከ«የጠፋው» ጋር በአንድ ዓመት የወጣ ፊልም ነው። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1996 በአርሲ የደረሰ እውነተኛ ታሪክ ነው። የ14 ዓመቷ ሂሩት ከትምህርት ቤት ስትመለስ በፈረስ በመጡ ሰዎች በጠራራ ፀሐይ ትጠለፋለች፤ ልታመልጥ ስትል በጠላፊዋ ጠመንጃ ራሱን ትገድለዋለች። በዚህ ፊልም መርማሪ የሚደክምበት ምሥጢር የለም። ጠላፊው ይታወቃል፣ ቤተሰቡ ይታወቃል፣ ጎጆው ይታወቃል። ሽማግሌዎቹም ያውቃሉ። የተሰወረው ወንጀሉ ወንጀል መሆኑ ነው። ጠበቃዋ የምትፋለመው ይህን ለማስታወቅ ነው። የርእሱ ቃልም በአማርኛ ሁለት ፊት አለው፤ ጀግንነትም ነው፣ በሴት ላይ የሚፈጸም ግፍም ነው። ፊልሙ አዲስ አበባ ላይ ሊታይ ሲል በፍርድ ቤት ትእዛዝ መታገዱም የሚታወስ ነው፤ ምክንያቱ የታሪኩ ባለቤት ያነሣችው የመብት ጥያቄ ነበር። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ማለት ይህ ነው።

የጠለፋን ዶሴ ለዘመናት ሲዘጋው የኖረው ሕጉ ራሱ እንደነበር ማስታወስ ያሻል። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የጠለፋ ቅጣት ከ3 ዓመት አይበልጥም ነበር፤ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ደግሞ ክሱ ይቀርለታል። ሽማግሌ ተልኮ፣ እርቅ ወርዶ፣ ድግስ ከተበላ ወንጀሉ ጋብቻ ይባላል። በግንቦት 1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ቅጣቱን ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እሥራት አደረገው፤ ጋብቻም ከተጠያቂነት እንደማያድን ደነገገ። እንግዲህ አስቡት፤ በሞጣም ሆነ በቢቸና፣ ከ1997 በፊት ተጠልፋ፣ ወልዳ፣ ከብዳ የምትኖር እናት ዶሴዋ የት ነው ያለው? የትኛው መርማሪ ከጡረታው ተነሥቶ ይከፍትላታል? ጠላፊዋ ማታ ማታ ራት የምታቀርብለት ሰው ነው። ለአማርኛ የወንጀል ድራማ ከዚህ የበለጠ ያደረ ጉዳይ አይገኝም። ይህን ለመጻፍ የጣት አሻራና የላቦራቶሪ ጥበብ አያስፈልግም፤ አንዲት ሴት ልጅዋ አድጋ «እንዴት ተጋባችሁ?» ብላ ስትጠይቃት የምትመልሰውን መጻፍ ይበቃል።

ታዲያ ከ«የጠፋው» የምንማረው የለምን? አለ እንጂ። በኛ ዘመን ከጠለፋ ሌላ «እገታ» የሚባል ቃል በየቤቱ ገብቷል። በዚህኛው ፈረስ አይታይም፣ ሽማግሌም አይመጣም፤ ስልክ ይደወላል፣ ገንዘብ ይጠየቃል፣ አለዚያም ጨርሶ ድምፅ ይጠፋል። በኅዳር 2012 ዓ.ም. አካባቢ ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወደ የቤታቸው ሲመለሱ የታገቱትን የአማራ ክልል ልጆች እናስታውሳለን። በጥር ወር መንግሥት 21 ሰዎች መለቀቃቸውን ቢገልጽም፣ ልጆቻቸው ያልመጡላቸው ወላጆች ከዚያም በኋላ ለዓመታት የት ደረሱ እያሉ ሲጠይቁ ኖረዋል።

ለእነዚህ ወላጆች ባፕቲስት የሚባለው መርማሪ ብዙ አይነግራቸውም። አባትየው ቶኒ ግን ይነግራቸዋል። ድራማው ከሌሎቹ የሚበልጥበትም እዚህ ላይ ነው። እናትየው ሌላ ሕይወት ለመጀመር ትሞክራለች፤ አባት አይችልም። አንደኛው መንገድ ትክክል፣ ሌላው ስሕተት ነው ብለው ደራስያኑ አይፈርዱም። የልጁ አስከሬን እስከ መጨረሻው አይገኝም፤ ለቅሶ ተቀምጦ፣ ተዝካር አውጥቶ እርም ማውጣት የለም። እርም ያላወጣ ሰው ምን እንደሚሆን የእኛ ተመልካች ከማንም በላይ ያውቃል። ሞጣ ላይ ሰዎቹ ዝም ብለው ያዩት ይህን ክፍል ነበር። «ይሄስ የማን ወገን ነው?» ብሎ ስለ አባትየው የጠየቀ አንድም ሰው አላየሁም።

ስለዚህ ይህን ቅርጽ ለመዋስ ለሚያስቡ ደራስያን የምለው አጭር ነው። መርማሪውን ለባለቤቶቹ ተዉላቸው፤ አባትየውን ውሰዱ። ከኛ ደግሞ አገሩ ሁሉ የሚያውቀውን፣ አንድ ሰው ግን ያልተናገረውን ነገር ጨምሩበት። «ማን አደረገው?» የሚለውን ጥያቄ በመጀመሪያው ክፍል፣ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች መልሱት። ከዚያ በኋላ ለሚቀሩት ክፍሎች ሁሉ የሚበቃ ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ወፏ መቼ ትናገራለች?» የሚለው ነው።