ስለ ጉሎ ሐር ትል ማርቢያ ዕቃና ስለ ዘሩ

ቢራቢሮንና የእሳት እራትን በቤት ማርባት ሲባል በአገራችን አስቀድሞ የሚታሰበው የሐር ትል ነው። ለጀማሪ አርቢ በሚሰጠው ትምህርት ላይ ግን አንድ ትልቅ ጉድለት እናያለን። ይኸውም የመጀመሪያውን ስፍራ ለዕቃው ሰጥቶ ቅጠሉንና ዘሩን ወደ ኋላ ማስቀረቱ ነው። ይህን ለማስረዳት አዲ አርቃይን በምሳሌነት እንወስዳለን።

ሐር ለዚያ አገር እንግዳ አይደለም። ከምጽዋ ወደ ጎንደር የሚሄደው የጥንቱ የነጋዴ መንገድ በአዲ አርቃይ አልፎ ሊማሊሞን ይወጣ ነበር፤ ጀምስ ብሩስም በ1770 እ.ኤ.አ. ወደ ጎንደር የገባው በዚሁ በኩል ነው። ዛሬ በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም የሚገኘው ትልቁ የጎንደር ዘመን የቤተ ክርስቲያን መጋረጃ የተሸመነው ከባሕር ማዶ በመጣ ሐር ነው። ሸማኔው የእኛ ሲሆን ፈትሉ የሰው ነበር።

ለእርባታ የሚመከሩት ትሎች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው የሞልበሪ ቅጠል ብቻ የሚበላ ነው፤ ክሩ ሳይበጠስ እንዲተረተር በሐር ጎጆው ውስጥ እንዳለ በሙቀት ይገደላል። ሁለተኛው ኤሪ የሚባለው የአሳም ትል ነው፤ ስሙም በአሳም ቋንቋ ከጉሎ የመጣ ነው። ጎጆው ጫፉ ክፍት ስለ ሆነ የእሳት እራቱ በሕይወት ይወጣል፤ የቀረውም እንደ ጥጥ ተባዝቶ በእንዝርት ይፈተላል። ጉሎን ደግሞ ፍሬውን ለምጣድ ማሰሻ የምታደርግ ባልቴት ሁሉ ታውቀዋለች። ስለዚህ ለአዲ አርቃይ የሚስማማው ኤሪ መሆኑን አንጠራጠርም።

ስለ ዕቃው ብዙ መናገር አያሻም። መደርደሪያና ሣጥን በገንዘብ መግዛት ሳያስፈልግ ሰፌድና የእንጨት ቆጥ ይበቃሉ፤ የቆጡን እግር ውሃ በያዘ ጣሳ ውስጥ ማቆም ጉንዳንን ይከለክላል። ይልቅስ ሊታሰብበት የሚገባው ቤቱ ነው። በቆላ የወባ ትንኝ መግደያ መድኃኒት በግድግዳ ላይ ይረጫል፤ ትንኝን የሚገድል መድኃኒት ትሉንም አይምርም። የምድጃ ጢስም እንዲሁ ይጎዳዋል። አርቢው ከመኖሪያው የተለየች ትንሽ ጎጆ ቢሠራ ከብዙ ሰፌድ ይሻለዋል።

ትሉ ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያለውን ሙቀት ይወዳል። ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ለምትገኘው ለደባርቅና ከሊማሊሞ በታች ላለው ቆላ አንድ ዓይነት ምክር መስጠት እንዴት ይሆናል? ቅጠሉም ቢሆን ቀድሞ መቈጠር አለበት። ትሉ አምስት ዕድሜ አለው፤ ከሚበላው ሁሉ 80 በመቶ የሚያህለውን የሚበላው በመጨረሻው ዕድሜ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ጉሎ የበቃው ሰው በሦስተኛው ሳምንት አጥሩን ሁሉ መልምሎ ይቸገራል፤ በበጋማ ቅጠሉ ራሱ ይሳሳል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ዘሩ ነው። እንቁላሉ በሙቀት በ10 ቀን ገደማ ይፈለፈላል። የሐር ትል ምርምር የሚካሄደው በአዳማ አቅራቢያ በመልካሳ ሲሆን፣ ከአዲስ አበባ እስከ ጎንደር ብቻ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ አዲ አርቃይ ከዚያም አልፎ ይገኛል። እንቁላሉ በመንገድ ከዘገየ ተፈልፍሎ በረኃብ ያልቃል። ደኅና ቢደርስም ፔብሪን የሚባለው በሽታ ከእናት ወደ እንቁላል ይተላለፋልና አርቢው ሳያውቅ ሕመምን ገዝቶ ሊገባ ይችላል።

ለዚህ መድኃኒት የሚሆነውን ዘዴ ሉዊ ፓስተር ከ1865 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአሌስ ባደረገው ምርምር አሳይቷል፤ እናቲቱ እንቁላሏን ከጣለች በኋላ ተፈጭታ በማይክሮስኮፕ ትመረመራለች፤ በሽታው ከተገኘባት እንቁላሏ ይቃጠላል። አንዲት እናት 300 ያህል እንቁላል ስለምትጥል፣ ጥቂት ጤነኛ እናቶች ለአንድ መንደር ይበቃሉ። ደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ከአዲ አርቃይ የቀን መንገድ እንኳ አይሞላም። ለሰፌድና ለመደርደሪያ የሚወጣው ገንዘብ አንድ መርማሪ ለማሠልጠን ቢውል እንመርጣለን።

ዘር በአንድ ስፍራ ብቻ ሲዋለድ ይደክማል ብሎ የሚከራከረን ይኖራል። ልክ ነው፤ በየጊዜው ከመልካሳ አዲስ ዘር መቀላቀል ያስፈልጋል። ነገር ግን ያ በዓመት አንድ ጊዜ የሚደረግ ጉዞ ይሆናል እንጂ በየዙሩ አይደለም።