«እርሳ» የሚባለው ማን ነው?

የአንድሮይድ ስልካችሁን ቋንቋ ወደ አማርኛ ቀይራችሁ የብሉቱዙን ገጽ ክፈቱ። ስልኩ ከእጅ ሰዓት፣ ከጆሮ ማዳመጫ፣ ከመኪና ጋር የሚኖረው ዝምድና ሁሉ በጥቂት ግሶች ተነግሮ ያልቃል፦ አጣምር፣ አገናኝ፣ እርሳ። እኔ ይህን ገጽ እንደ ማንኛውም የትርጉም ሥራ ማንበብና መተቸት ይገባል ባይ ነኝ። ስንቱ ሰው ነው ዛሬ ከልቦለድ ይልቅ የስልኩን አማርኛ ሲያነብ የሚውለው! ያውም በችኮላ፣ ብዙ ጊዜም በንዴት።

ወሰን ውስጥ እንዲህ የሚናገር ሰው ግን አላጋጠመኝም። ከመገናኛ በላምበረት በኩል ወደ ኮተቤ ስትሄዱ ባለው በእኛ ሰፈር፣ ስልክ የሚጠግኑት ልጆች «ኮኔክት አርገው»፣ «ዲስኮኔክት ሆኗል እኮ»፣ «በቃ አጥፍተህ አብራው» ነው የሚሉት። «ማጣመር»ን ከአፋቸው ሰምቼ አላውቅም። ቢሆንም ቃሉን አልጠላሁትም። ለጆሮ የ«ጥማድ» ጎረቤት ነው፤ ጥማድ በሬ ደግሞ በአንድ ቀንበር አብሮ የሚውል ጥንድ ነው፤ በቀን የሚያርሰውም መሬት በስሙ ይለካል። ስልክና ሰዓትም እንደዚያው ናቸው፤ አንዱ ሲቆም የሌላው ሥራ ይጎድላል። ብሉቱዝ የሚለው ስም ራሱ የመጣው በ10ኛው ክፍለ ዘመን ዴንማርክን አንድ አደረገ ከሚባለው ከንጉሥ ሃራልድ ቅጽል ስም ነው። ከእነሱ ንጉሥ ይልቅ የእኛ በሬዎች ነገሩን ሳያስረዱ አይቀሩም።

ችግሩ የሚጀምረው መለያየት ሲመጣ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ሰዓቱና ስልኩ የምሥጢር ቁልፍ ይስማማሉ፤ ሁለቱም በየራሳቸው ማኅደር ያኖሩታል። ማጣመር ይህ ነው፤ አንዴ ከተደረገ አይደገምም። ከዚያ በኋላ በተቀራረቡ ቁጥር በዚያው ቁልፍ ይተዋወቃሉ፤ ይኼኛው መገናኘት ነው፣ በየቀኑ ይሆናል። ስልኩን ሳሎን ትታችሁ ጓሮ ብትወጡ፣ አሥር ሜትር ገደማ ብትርቁና መሃል ላይ ግድግዳ ቢገባ፣ ይቋረጣሉ። ቁልፉ ግን በሁለቱም ዘንድ አለ፤ ስትመለሱ ማንም ሽማግሌ ሳይገባ ይታረቃሉ። «እርሳ» ስትሉ ግን ስልኩ ቁልፉን ይጥላል። ሰዓቱ ብዙ ጊዜ ይህን የነገረው የለም። የድሮውን ቁልፍ ታቅፎ ይጠብቃል፤ ስልኩ እንደ አዲስ ሲመጣበት አይቀበለውም። «አልገናኝ አለኝ» የሚባለው ነገር አብዛኛው ይኸው ነው፤ አንዱ ረስቷል፣ ሌላው አልረሳም። መፍትሔው ከሁለቱም ወገን ሰርዞ እንደገና መጀመር ነው።

ታዲያ አማርኛ ለዚህ ቃል አጥቶ ነው? ኩርፊያ ሌላ ነው፣ መለያየት ሌላ ነው፣ ፍቺ ሌላ ነው። ያኮረፈ ሰው ቤቱ ውስጥ አለ፤ የተፋታ ግን ንብረቱን ተካፍሎ ወጥቷል። ከተርጓሚው የምጠብቀው ይህን ልዩነት እንዲያሰማን ነበር። «ጥምረቱን ፍታ» ቢል ተጠቃሚው ጣቱን ከማሳረፉ በፊት አንድ አፍታ ያስባል። «እርሳ» ግን ቀላል ይመስላል፤ «እርሳው፣ ተወው» እንደምንባባለው። ደግሞስ የሚታዘዘው ማን ነው? ስልኩ ነው እንዳንል እኛው ነን የምናነበው፤ እኛ ነን እንዳንል የሚረሳው እሱ ነው። እንግሊዝኛው ትእዛዙን ጾታ ሳይለይ ያልፈዋል፤ አማርኛው ደግሞ «እርሳ» ብሎ ወንድ አድርጎታል። አንዲት ሴት ስልኳን ስትከፍት ይህን ትእዛዝ ለማን ትበለው?

ነገሩ የቃላት ጨዋታ ብቻ አይደለም። ጎረቤቴ እትዬ አሜሪካ ካለች ልጃቸው የእጅ ሰዓት ተላከላቸው፤ እሷ አዲስ ስለገዛች የራሷን ነው የላከችው። ሰዓቱ ሲበራ የልጅቱን የይለፍ ቃል ጠየቀ። ከስሟ ሳትፈታው ነበርና የላከችው፣ ለሌባ ተብሎ የተሠራው ቁልፍ እናቷን ያዘ። በቪዲዮ ደወልንላት።

«እማዬ፣ ችግር የለውም፣ ከዚሁ ሆኜ ሪሙቭ አደርገዋለሁ።»

«ምን ታደርጊዋለሽ?»

«ከእኔ ላስወጣው ማለቴ ነው።»

«ከአንቺ ለምን ይወጣል?»

ልጅቱ ዝም አለች። እትዬ ሰዓቱን የተቀበሉት ጊዜ እንዲያዩበት አልነበረም፤ የልባቸውን ምት ልጃቸው ከዚያ ሆና የምታየው መስሏቸው ነው እንጂ። ሌላው ቢቀር እንኳ እሷ በዚህ ሰዓት ስትራመድ የቆጠረው እርምጃ ውስጡ አለ ብለው ነበር። የለም፤ ሰዓት ሲፈታ ይደመሰሳል። አፕል ሰዓትን በስልኩ በኩል ስትፈቱት ቅጂው ስልኩ ላይ ይቀራል፣ ሰዓቱ ግን ባዶውን ይወጣል። ዌር ኦኤስ የሚባሉትም ከአንዱ ስልክ ወደ ሌላው ሳይደመሰሱ መዛወር የቻሉት በ2023 እ.ኤ.አ. ከወጣው አራተኛው ዝርያ ወዲህ ነው። ይህን ሁሉ «እርሳ» የሚለው ቃል አይነግራችሁም። ለሰው ሰዓት የምትልኩ ሁሉ፣ ከሻንጣ በፊት ፍቱት። ያገለገለ የምትገዙም ሻጩ ከስሙ ፈትቶ እስኪያሳያችሁ ድረስ ብሩን አትቁጠሩ።

መለያየት ሁሉ ክፉ ነው ማለቴ አይደለም። ንጋት ላይ እንጦጦ የሚሮጡትን ተመልከቱ። 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ባሕር ዛፉ መሃል፣ ስልካቸውን መኪና ውስጥ ትተው ነው ሽቅብ የሚሄዱት። ሰዓታቸው ብቻውን ከሳተላይት አቅጣጫ እየተቀበለ ርቀቱን ይመዘግባል፤ ሲመለሱ ለስልኩ ያስረክባል። ገጹ ላይ «ተለያይቷል» ቢልም የጠፋ ነገር የለም። ሰኔ 23 ቀን 2012 ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተዘግቶ ሦስት ሳምንት ገደማ ሲቆይም፣ ስልክና ሰዓት እርስ በርሳቸው አልተቆራረጡም፤ ብሉቱዝ ከቴሌ ፈቃድ አይጠይቅም። ሰዓቱን በዚያ ሰሞን «እርሳ» ያለ ሰው ግን መልሶ ማስጀመሩ ይቸግረው ነበር፤ አፑም አካውንቱም ኢንተርኔት ይፈልጋሉና።

ከሁሉም የሚያናድደኝ ግን መልሶ መገናኘት የሚያስከፍለው ነው። የድሮው ሰዓት ጆሮውን ጠምዝዘህ በሐበሻ አቆጣጠር ትሞላዋለህ፤ ጠዋት 1 ሰዓት ሲሆን 1 ላይ ይቆማል። የዛሬው ጊዜውን ከስልኩ ነው የሚወስደው፤ በተገናኘ ቁጥር ስልኩ ያለውን ይላል። አፕል ሰዓትን ከስልኩ ነጥሎ ማስቀደም የሚቻለው እስከ 59 ደቂቃ ብቻ ነው፤ እኛ የምንፈልገው ስድስት ሰዓት። ገልብጦ ማሰርም አያዋጣም፤ ሰዓት ቆጣሪው ቢስተካከል ደቂቃው ይገለበጣል። ስልኩን በእጅ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ የሚመልሱ አሉ። ያኔ ደግሞ ስልኩ ትክክለኛውን ጊዜ ስለማያውቅ በየሠላሳ ሰከንዱ የሚቀያየሩት የመግቢያ ኮዶች ይበላሻሉ።

አንድ ዘዴ አለ። ስልካችሁ የጊዜ ቀጠናውን ራሱ እንዳይመርጥ አድርጋችሁ ቦነስ አይረስን ምረጡ። አርጀንቲና ከእኛ ልክ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ናት። ኮዱ አይበላሽም፤ ሰው ለ10፡00 ብሎ የላከው ቀጠሮ 4፡00 ሆኖ ይገባል፤ እኛም 4 ሰዓት ነው የምንለው። ሰዓቱም በተገናኘ ቁጥር ይህንኑ ይወስዳል። ቀኑ የሚቀየረው ደግሞ እኩለ ሌሊት ላይ መሆኑ ቀርቶ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ነው። የእትዬን ስልክ እንዲህ አድርገን ሰዓቱን መልሰን አጣመርነው። አሁን የእርምጃቸው ቁጥር ወደ ዜሮ የሚመለሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን በሚወጡበት ሰዓት ነው።