«ባየሁት ደስ ባለኝ»፤ ስለ ኦሾግቦ የሥዕል ቤት አጀማመርና ስለ ታሪኩ አተራረክ

በደቡብ ምዕራብ ናይጄሪያ፥ በዮሩባ ሕዝብ አገር፥ ኦሾግቦ የሚባል ጥንታዊ የገበያ ከተማ ይገኛል። በዚህ ከተማ በ1962 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) «ምባሪ ምባዮ» የተባለ ቤት ተከፈተ። ቤቱ የሥዕል ማሳያም፥ የቴአትር መድረክም፥ ወጣት ሠዓሊዎች እየዋሉ የሚሠሩበት ሥፍራም ነበር። ከዚያ የወጡት ሥራዎች ጥቂት ዓመታት ሳይቈዩ በአውሮፓና በአሜሪካ ታይተው ተደነቁ፤ ስለ አጀማመሩም ብዙ ተጻፈ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የተጻፈውን መድገም ሳይሆን አተራረኩን መመርመር ነው። የአንድ ሥራ መነሻ በማን ስም እንደሚነገር የሥራው ክብር ለማን እንደሚቈጠር ይወስናልና።

የተለመደው አተራረክ እንዲህ ነው። ኡሊ ባየር የተባለው ጀርመን ተወላጅ በ1950 በኢባዳን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሊያስተምር መጣ። በ1957 ከያንሃይንዝ ያን ጋር «ብላክ ኦርፊየስ» የተባለውን የሥነ ጽሑፍ መጽሔት መሠረተ። በ1961 ዎሌ ሾዪንካ፥ ቺኑዋ አቼቤ፥ ክሪስቶፈር ኦኪግቦና ሌሎችም ደራስያን የተባበሩበት የምባሪ ማኅበር በኢባዳን ተቋቋመ፤ በሚቀጥለው ዓመት የኦሾግቦው ቤት ተከተለ። በ1962ና በ1963 የጉያናው ሠዓሊ ዴኒስ ዊሊያምስ፥ በ1964 ደግሞ እንግሊዛዊቷ ሠዓሊ ጆርጂና ባየር ለመጣው ሁሉ ክፍት የሆነ አጭር የሥዕል ትምህርት ሰጡ፤ ከትምህርት ቤት የራቁ ወጣቶችም በድንገት ሠዓሊዎች ሆነው ተገኙ ይባላል። ከዚህ ውስጥ የተዘረዘሩት ድርጊቶች እውነት ናቸው። ስሕተቱ «በድንገት» በሚለው ቃል ላይ ነው።

በመጀመሪያ ቤቱ የማን እንደ ነበረ እንጠይቅ። የዱሮ ላዲፖ ነበር። ላዲፖ መምህርና የቤተ ክርስቲያን መዝሙር ደራሲ ሲሆን፥ የአገሩን ከበሮ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስላስገባ ተቃውሞ ደረሰበት። መዝሙሩን ወደ ኢባዳኑ ምባሪ ወስዶ ካሰማ በኋላ እንደዚያ ያለ ቤት በከተማው እንዲኖር ፈለገ፤ እስከዚያ ድረስ መጠጥ ቤት የነበረውንም ቤት ለዚሁ አዋለው። ምረቃውም የተከበረው «ኦባ ሞሮ» በተባለው ቴአትሩ ነው። በ1963 የሻንጎን ታሪክ የያዘውን «ኦባ ኮሶ»ን አሳየ፤ ይህም ሥራ በ1964 እስከ በርሊን ድረስ ተጓዘ። እንግዲህ የሥዕል ቤቱ የበቀለው በቴአትሩ አጥር ውስጥ ነው ማለት ይቻላል።

ይህንንም የሠዓሊዎቹ የቀድሞ ሥራ ያረጋግጣል። ጂሞ ቡራይሞ የላዲፖ ቴአትር የመብራት ሠራተኛ ነበር። ሙራይና ኦየላሚና ሩፉስ ኦጉንደሌ በዚያው ቴአትር ተዋንያን ነበሩ። ትዊንስ ሰቭን ሰቭንም ወደ ቤቱ የገባው ሊጨፍር መጥቶ ነው። እነዚህ ሰዎች ቀለም ከመንካታቸው አስቀድሞ በየምሽቱ ከንጉሡና ከጠንቋዩ፥ ከአማልክቱና ከመናፍስቱ ታሪክ ጋር ይኖሩ ነበር። በሥዕሎቻቸው የሚታዩት መናፍስትና አማልክት ከወዴት መጡ ብሎ ለሚጠይቅ መልሱ ከቀለም ሣጥኑ ይልቅ ከመድረኩ አጠገብ ይገኛል።

ሁለተኛው ጉድለት «ያልተማሩ» የሚለው አጠራር ነው። አሲሩ ኦላቱንዴ አንጥረኛ ነበር፤ መዳብና አሉሚኒየም እየቀጠቀጠ የሠራቸው የመጽሐፍ ቅዱስና የአገር ታሪክ ምስሎች ከእጁ የቈየ ሙያ የወጡ ናቸው። አደቢሲ አካንጂ ግንበኛ ነበር፤ በሲሚንቶ የሠራቸው ምስሎችም የግንበኛነቱ ፍሬ ናቸው። ቡራይሞ በዶቃ የሠራቸው ሥዕሎች የዮሩባ ነገሥታት ዘውድ በዶቃ ከሚያጌጥበት አገር የተገኙ ናቸው። በመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ ቅብን የተማረ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ዲፕሎማ ስለሌለው ብቻ «ያልተማረ» ቢባል በእኛ አገር የሚቀበለው አይገኝም፤ ለኦሾግቦም ሰዎች ከዚህ ያነሰ ፍርድ ሊሰጥ አይገባም።

ይሁን እንጂ የጆርጂና ባየርን ድርሻ ማሳነስ ሌላ ስሕተት ይሆናል። የሰጠችው የሥዕል ስልት ሳይሆን ቦታ፥ መሣሪያና የዕለት ተዕለት ትኵረት ነው። ለዚህም ምስክሮቹ ሥዕሎቹ ናቸው። ሰቭን ሰቭን ገጹን ሁሉ በጥቃቅን መስመር ይሞላል፤ ቡራይሞ ዶቃውን በሰፊው ያሰልፋል፤ ኦየላሚ ደግሞ በጥቂት ቀለም ጸጥ ያለ ፊት ያሳያል። አንድ እጅ ቢጫናቸው ኖሮ ይህን ያህል ባልተለያዩ ነበር። ነገር ግን ከመጡት ብዙዎች መካከል ማን እንዲቀጥል፥ ማን እንዲሰናበት የሚለይ ዐይን ነበረ፤ ያም ዐይን ከውጭ የመጣ ነበር። ትረካው ስለ ስጦታው ብዙ ሲናገር ስለዚህ ሥልጣን ግን ዝም ይላል።

የቤቱ ስም ራሱ ከትረካው የበለጠ ያስተምራል። «ምባሪ» የኢግቦ ቃል ነው፤ ለኢባዳኑ ማኅበር ያወጣው አቼቤ ነው። በኦወሪ አካባቢ የሚኖሩ ኢግቦዎች ለምድር አምላክ ለአላ ክብር በጭቃ ምስሎች የተሞላ ቤት ይሠሩ ነበር። ለሥራው የተመረጡት ሰዎች ከሌላው ሕዝብ ተለይተው፥ በአጥር ውስጥ ተከልለው ለብዙ ጊዜ ይቀመጣሉ። ሥራው ሲፈጸም አጥሩ ይነሣል፤ ሕዝቡም ያያል። ከዚያ በኋላ ቤቱ አይጠገንም፤ ዝናሙ እንዲያፈርሰው ይተዋል። የከበረው የተሠራው ነገር ሳይሆን መሥራቱ ነበርና። እንግዲህ ሠዓሊ በአንድ ግቢ ተቀምጦ የሚሠራበት ሥርዓት ለዚያ አገር እንግዳ አልነበረም።

ይህ ቃል ኦሾግቦ ሲደርስ የዮሩባ ተናጋሪዎች ትርጉሙን ባለማወቃቸው በራሳቸው ቋንቋ ፈቱት፤ «ምባሪ ምባዮ» አሉት፤ ይኸውም «ባየሁት ደስ ባለኝ» እንደ ማለት ነው። በእኔ አስተያየት ቤቱ የኦሾግቦ የሆነው በዚህ ጊዜ ነው። የሌላ ሕዝብን የሥርዓት ቃል ወስዶ የተመልካች ቃል ማድረግ ቀላል ቀልድ አይደለም። ከተማው ለዚህ ቤት ያለው ድርሻ ማየትና መደሰት እንደ ሆነ መናገሩ ነው።

የቤቱ ድካምም የሚለካው በዚሁ ቃል ነው። ሕዝቡ ቴአትሩን ሊያይ ይጎርፍ ነበር፤ ሥዕሎቹን የገዙት ግን በአብዛኛው የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። ባየሮች በ1966 ናይጄሪያን ለቀው ሄዱ፤ ላዲፖም በ1978 ሞተ። የሠዓሊዎቹ ስም በዓለም ከፍ ሲል፥ ተመልካቹና ገዢው ከከተማው እየራቀ ሄደ። በአንጻሩ ኦስትሪያዊቷ ሱዛን ቬንገር ከአገሬው ግንበኞችና ጠራቢዎች ጋር ያደሰችው የኦሹን ቅዱስ ደን እስከ ዛሬ ሕዝቡ በየዓመቱ በዓሉን ያከብርበታል፤ በ2005ም በዩኔስኮ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ገብቷል። በዚያም የውጭ እጅ አለ፤ ሆኖም ሥራው የቆመው ሕዝቡ አስቀድሞ በሚመላለስበት ሥፍራ ነው።

ስለሆነም እንደዚህ ያሉትን ቤቶች አጀማመር የሚያጠኑ ተማሪዎች ማን መሠረተው በሚለው ጥያቄ ባይወሰኑ መልካም ነው። ቤቱ አስቀድሞ ምን ነበር? ሠዓሊዎቹ በምን ሥራ ይተዳደሩ ነበር? ማን መረጣቸው? ሥራቸውንስ ማን አየው፥ ማንስ ገዛው? ለኦሾግቦ እነዚህ ጥያቄዎች ሲቀርቡ የመሥራቾቹ ስም አይጠፋም፤ የመጠጥ ቤቱ ባለቤት፥ የመብራት ሠራተኛው፥ አንጥረኛውና ስሙን የፈታው ገበያተኛ ግን ከጎናቸው ይቆማሉ።