የመንዙማ ግማሹ በተቀባዩ አፍ ነው

መንዙማን በስንኙ ብቻ የሚመዝን ሐያሲ ሚዛኑ ጎደሎ ነው። እርግጥ ነው፣ እንደ ሼህ ጦልሃ ጃዕፈር ያሉ የወሎ ሊቃውንት አማርኛውን በዐረብኛ ፊደል፣ በዐጀም፣ እየጻፉ ከፍ ያለ የግጥም ቅርስ አውርሰዋል። ይሁን እንጂ መንዙማ ሙሉ የሚሆነው በአደባባይ ነው። በወሎ በጀማ ንጉሥ የነቢዩ ልደት፣ መውሊድ፣ ሲከበር መሪው ስንኙን ያወጣል፤ ጀመዓው አዝማቹን ይቀበላል፤ ድቤው ምቱን ይጠብቃል፤ ጭብጨባው ያደምቀዋል። በወረቀት ላይ አጭርና ድግግሞሽ የበዛበት የሚመስለው ስንኝ፣ ተቀባዩ ሲመልስለት ቦታውን ያገኛል።

በ1967 ዓ.ም. መውሊድ፣ ዒድ አል ፈጥርና ዐረፋ ብሔራዊ በዓላት ሆኑ። ከዚያ ወዲህ ካሴትና ስቱዲዮ መንዙማን ለብዙ ጆሮ አድርሰዋል። ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ጉዳቱ ግን የመሪው ድምፅ ብቻ ጎልቶ ተቀባዩ ሲደበዝዝ፣ የጋራ ጥበብ የአንድ ሰው ዜማ መስሎ መቅረቡ ነው።

ስለዚህ በወሎም ሆነ በአዊ፣ በእንጅባራና በዳንግላ፣ የበዓል ዜማ የሚመዘግብ መምህር ወይም የባህል ባለሙያ ማይክሮፎኑን ወደ መሪው ብቻ ሊያዞር አይገባም። ተቀባዩ ያልተቀዳበት መንዙማ ግማሹ ጠፍቷልና።