ባልተሟገቱበት ጉዳይ መረታት

ከአጠና ተራ እስከ ዓለም ባንክ ባለው በኮልፌ ቀራንዮ ሰፈራችን ልጁን ወይም እህቱን ወደ አውሮፓ የሸኘ ቤተሰብ ብዙ ነው። ስለዚህ የቪዛ ነገር የነጋዴና የባለሥልጣን ጉዳይ ብቻ አይደለም። እናት ወልዳ የተኛች ልጇን ልታርስ የምትሄድበት የቤተሰብ ጉዳይም ነው።

ሚያዝያ 21 ቀን 2016 ዓ.ም. የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት ለኢትዮጵያውያን በሚሰጠው ቪዛ ላይ ገደብ ጣለ። በ15 ቀን ውስጥ ውሳኔ ማግኘት የነበረበት ማመልከቻ እስከ 45 ቀን እንዲቆይ፣ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ እንዳይሰጥ፣ ቆንስላዎች ለሚያምኑት አመልካች ከማስረጃው አንዳንዱን ይተዉለት የነበረው እንዲቀር፣ የዲፕሎማትና የሰርቪስ ፓስፖርት የያዙትም ከክፍያ ነፃ እንዳይሆኑ ተወሰነ። ምክንያቱስ? ኅብረቱ እንዳለው፣ ከአባል አገሮቹ እንዲወጡ የታዘዙ ኢትዮጵያውያንን በመመለስ ረገድ መንግሥታችን በበቂ ሁኔታ አልተባበረም።

ማንኛውም አገር በደጁ ማን እንደሚገባ የመወሰን መብት አለው፤ ይህን አንነቅፍም። የኅብረቱ የቪዛ ሕግም የሚመሰገን ነገር አለው። ቪዛ የተከለከለ ሰው ምክንያቱ በጽሑፍ ይነገረዋል፤ ይግባኝም ማለት ይችላል። የኅብረቱ ፍርድ ቤት ታኅሣሥ 4 ቀን 2010 ዓ.ም. አንድ ሞሮኳዊ ፖላንድ ቪዛ ከልክላው ባነሣው ክርክር፣ ይግባኙ በአንዱ ደረጃ ላይ ዳኛ ፊት መድረስ እንዳለበት ወስኗል።

ታዲያ የሚነቀፈው ምኑ ነው? በመድረሳ ስለ ፍርድ ከምንማራቸው ደንቦች አንዱ፣ ቃዲ ባለጉዳዩን ሳይሰማ እንዳይፈርድ ነው። ሌላው፣ ሰው በሌላው ጥፋት እንዳይጠየቅ ነው። የ2016ቱ ውሳኔ ሁለቱንም ይጥሳል። ቀድሞ ሄዳ በጊዜዋ የተመለሰች፣ ማስረጃዋ የተሟላ እናት ምን ብላ ትከራከር? በክሱ ውስጥ ስሟ የለም፤ ቅጣቱ ግን ያረፈው በእሷ ፓስፖርት ላይ ነው። ብትከለከል ይግባኝ ትላለች። ቪዛው ተፈቅዶላት በ44ኛው ቀን ቢደርሳት ግን የምትለው የላትም፤ ደንቡ ራሱ 45 ቀን ብሏልና። ያን ጊዜ ልጇ ከአራስ ቤት ወጥታለች።

ግፊቱ መንግሥትን ለማነቃቃት ነው ይባል ይሆናል። ነገር ግን ጠቡ በሁለት መንግሥታት መካከል ከሆነ፣ መነጋገር ያለባቸው እነርሱ ናቸው። የእኛም መንግሥት ቢሆን በእሱ ምክንያት ደጅ የሚጠናው ዜጋ መሆኑን አውቆ ነገሩን የመጨረስ ግዴታ አለበት።

ሚዛኑን ወደ ራሳችንም እናዙር። የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ለውሳኔያቸው ምክንያት እንዲሰጡ ያዛል፤ ቅር የተሰኘ ሰውም ፍርድ ቤት እንዲሄድ መንገድ ይከፍታል። «ነገ ተመለስ» ስንባል ለምን ብለን የማንጠይቅ ከሆነ፣ ለባሕር ማዶው ቢሮ ጥያቄ ማቅረቡን ከየት እንለምደዋለን?

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ቪዛ ሲከለከል የእምቢታውን ወረቀት አትጣሉት። የትኛው ምክንያት ላይ ምልክት እንደተደረገ አንብቡ፤ የይግባኙ ቀን ሳያልፍ ዐዋቂ አማክሩ። «እኔ አስጨርስልሃለሁ» ለሚል ደላላ ገንዘባችሁን አትስጡ። መብቱን የማያውቅ ሰው ሳይሰማ ለሚፈርድ ሁሉ ይመቸዋልና።

ወላሁ አዕለም።